የሕፃን ዝምታና የአዋቂ ኅሊና

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገሩ ብሂል። ዝምታን ከአስተዋይነት፣ ከትዕግሥትና ከጨዋነት ጋር አዛምዶ የሚመለከት ሕዝብ ይህን አባባል ለአዋቂ ብቻ ሳይሆን ለሕፃንም ሲሠራበት ኖሯል። እንግዳ በመጣ ጊዜ የማይነጫነጭ፣ እናቱ ገበያ ስትወርድ የማያለቅስ፣ ከእጅ ወደ እጅ ቢቀባበሉት የማይቆጣ ሕፃን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ተብሎ ይመሰገናል። ይኸው ሕዝብ ግን ሌላም ብሂል አለው፤ «ልጅ ካላለቀሰ እናቱ ጡት አትሰጠውም» ይላል። ሁለቱ አባባሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣሉ። ልቅሶ የሕፃን አቤቱታ ከሆነ፣ አቤቱታውን የተወ ሕፃን ምን ሆኖ ነው? ጉዳዩ ተፈጽሞለት ነው ወይስ ሰሚ አጥቶ?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የእናቶችና የሞግዚቶች፣ ቢበዛም የሐኪሞችና የነርሶች ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። አዋቂ ሰው በደል ቢደርስበት አቤት ይላል፤ ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ ይህም ባይሆንለት ለጎረቤቱ ያዋያል። የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ከሳሽም ምስክርም ለመሆን አይችልም። ደኅና መሆኑንና አለመሆኑን የሚወስንለት የሚንከባከበው ሰው ነው። ተንከባካቢው ደግሞ ከነገሩ ገለልተኛ አይደለም፤ ሕፃኑ ዝም ሲል እርሱ ያርፋል፤ ሥራው ይቃለልለታል፤ ክፍሉ ጸጥ በማለቱም በአለቃው ዘንድ ይመሰገናል። እንግዲህ በዝምታው የሚጠቀመው ሰው የዝምታው ተርጓሚም ሲሆን፣ ትርጓሜው ምን ያህል ሊታመን ይችላል?

ለዚህ መልስ ለማግኘት በመጀመሪያ የዚያን ዕድሜ ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። ከአንድ ዓመት እስከ ሦስት ዓመት ያለው ዘመን የሰው ልጅ በአጭር ጊዜ ረጅም መንገድ የሚጓዝበት ነው። ዳዴ ሲል የነበረው ሕፃን ተነሥቶ ድክ ድክ ይላል፤ በጥቂት ኮልታፋ ቃላት ይጀምርና ዓረፍተ ነገር ይገጥማል፤ ማንኪያ ይጨብጣል፤ ሽንቱን መቆጣጠር ይማራል፤ «እምቢ» እና «የእኔ» ማለትን አውቆ ከሌላው የተለየ ሰው መሆኑን ያስታውቃል። ይህ ሁሉ ግን ከእህልና ከውኃ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ድክ ድክ የሚለው ሕፃን ሦስት እርምጃ ይራመድና ዞሮ ይመለከታል፤ የሚፈልገው ፊት በቦታው ካለ አራተኛውን ይደፍራል፤ ከሌለ ባለበት ይቆማል። ንግግሩም እንዲሁ ነው። ግማሽ ቃሉን የሚረዳለት ዕለት ዕለት አብሮት የሚውል ሰው ነው፤ ለእንግዳ ሰው ያው ቃል ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። የጊዜ ስሜትም ገና አልዳበረበትም። «እናትህ ነገ ትመጣለች» ቢባል «ነገ» የሚባለውን አያውቀውም። ስለዚህ ይህን ሕፃን ከሚያውቀው ፊት መለየት አዋቂን ከወዳጁ እንደ መለየት ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ምርኩዝን ከሽማግሌ እጅ እንደ መንጠቅ ነው። ያ ፊት የግድ የወለደችው እናት ፊት መሆን የለበትም፤ የአያት፣ የአባት፣ የአሳዳጊ ወይም የሞግዚት ሊሆን ይችላል። አስፈላጊው ነገር የታወቀና የማይለዋወጥ መሆኑ ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በአውሮጳና በአሜሪካ የነበሩት ሆስፒታሎችና የሕፃናት ማሳደጊያዎች ግን ከዚህ በተለየ ሐሳብ ይመሩ ነበር። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ባልተስፋፉበት በዚያ ዘመን ኩፍኝና ተቅማጥ በአንድ ክፍል የተኙትን ሕፃናት በጥቂት ቀናት ሊፈጁ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ጎብኚ መከልከል፣ አልጋዎችን ማራራቅ፣ ሕፃናትን ከሥራው ግድ በላይ አለመንካት የሕይወት አድን ደንብ ሆነ። ደንቡ ከጭካኔ የመነጨ አልነበረም፤ ሕፃናትን ከሞት ለማዳን ከነበረ ብርቱ ፍላጎት የመነጨ ነው። ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር ይኸው ነው። በታሪክ ውስጥ በሕፃናት ላይ ከደረሱት ጉዳቶች ብዙዎቹ የመጡት ከክፉ ሰዎች ሳይሆን፣ አንዱን በጎ ነገር ይዘው ሌላውን ከዘነጉ ቅን ሠራተኞች ነው።

በቪየና የተወለደው ሐኪም ሬኔ ስፒትዝ እ.ኤ.አ. በ1945 እና በ1946 ባወጣቸው ጽሑፎች ሁለት ተቋማትን አነጻጽሯል። አንደኛው ንጽሕናው የተጠበቀ፣ ምግቡ የተሟላ የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ሕፃናቱ ጡት ከጣሉ በኋላ ለነርሶች ይተዋሉ፤ አንዲት ነርስ ስምንትና ከዚያም በላይ ሕፃናት ትይዛለች፤ በአልጋዎቹ ዙሪያ አንሶላ ስለሚንጠለጠል ሕፃኑ ከጣሪያው በቀር የሚያየው የለውም። ሁለተኛው የሴቶች እስር ቤት ውስጥ የነበረ የሕፃናት ክፍል ሲሆን፣ እስረኞቹ እናቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ያሳድጉ ነበር። በመጀመሪያው ቤት ከነበሩት 91 ሕፃናት መካከል 34ቱ በሁለት ዓመት ውስጥ መሞታቸውን፣ የተረፉትም አብዛኞቹ በእግር መሄድና መናገር እንደ ተሳናቸው ስፒትዝ ዘግቧል። በእስር ቤቱ ክፍል ግን አንድም ሕፃን እንዳልሞተ ገልጿል። የጥናቱ አሠራር ጉድለት እንደ ነበረበት ኋላ የመጡ ሊቃውንት ተችተዋል፤ ትችታቸውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያነሣው ጥያቄ በትችቱ አልተዘጋም። የታጠበ፣ የጠገበና ሙቀቱ የተጠበቀለት ሕፃን ለምን ይጠወልጋል?

ዝምታን በቅርብ ያጠናው ሰው ግን ሐኪም አልነበረም። ጄምስ ሮበርትሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አና ፍሮይድ በለንደን ከተማ በሃምፕስቴድ ሰፈር ባቋቋመችው የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ የማሞቂያውን እሳት በማንደድ ሥራ የጀመረ ሰው ነው። በዚያ ቤት የሠራተኛው ሁሉ ደንብ የሕፃናቱን ጠባይ ያዩትን እየጻፉ መያዝ ስለ ነበር፣ እሳት አንዳጁም ማየትን ተማረ። ከ1948 ጀምሮ ከጆን ቦልቢ ጋር ሲሠራ በሆስፒታል የተኙ ትንንሽ ሕፃናትን ይመለከት ጀመር። በዚያን ጊዜ ወላጆች በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲጎበኙ የሚፈቅዱ፣ ጭራሹን የሚከለክሉም ሆስፒታሎች ነበሩ። ነርሶቹ ከልምዳቸው የሚሰጡት ማስረጃ የማያወላውል ይመስል ነበር፤ ሕፃኑ እንደ ገባ ለጥቂት ቀናት ያለቅሳል፤ ከዚያ ይለምዳል፤ እናቱ በመጣች ቁጥር ግን ልቅሶው ይቀሰቀሳል፤ ስለዚህ መምጣቷ ጉዳት ነው፤ ይሉ ነበር።

ሮበርትሰን ያንኑ ነገር አይቶ ሌላ ትርጉም ሰጠው። በመጀመሪያው ደረጃ ሕፃኑ ይቃወማል፤ ይጮኻል፤ አልጋውን ይነቀንቃል፤ በር በተከፈተ ቁጥር ዓይኑን ይወረውራል። በሁለተኛው ደረጃ ተስፋ ይቆርጣል፤ ልቅሶው ይቆማል፤ ከምግብም ከጨዋታም ይርቃል። ነርሶቹ «ለመደ» የሚሉት በዚህ ጊዜ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ሕፃኑ እንደገና ይጫወታል፤ ከመጣው ሰው ሁሉ ይቀበላል፤ ለሁሉም ይስቃል፤ እናቱ ስትመጣ ግን እንደማያውቃት ፊቱን ያዞራል። በተመልካች ዓይን የመጨረሻው ደረጃ ፈውስ ይመስላል። ሮበርትሰን ግን ሕፃኑ ማንንም ላለማመን የወሰነበት ደረጃ ነው አለ።

በቃል ቢናገር የሚሰማው ስላጣ በ1952 ፊልም ይዞ ቀረበ። የእምብርት ቡአ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ስምንት ቀን ሆስፒታል የተኛችን የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሕፃን በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት አንሥቷት ነበር። ሕፃኗን ከተራ ጠባቂዎች ዝርዝር በዕጣ ነው የመረጣት፤ ሰዓቱ እንዳይጠረጠርም የግድግዳው ሰዓት በሥዕሉ ውስጥ ይታያል። ሕፃኗ ብዙ የምታለቅስ አይደለችም። ፊልሙን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ልቅሶዋን ለመዋጥ ከዕድሜዋ በላይ ስትታገል ፊቷ ላይ ይታያል። ፊልሙ በለንደን በሐኪሞች ማኅበር ፊት ሲታይ ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ ተቆጡ፤ የነርሶችን ስም ማጥፋት ነው ያሉም ነበሩ። ቁጣው የሚያስገርም አይደለም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት ሥራ ሳያውቀው ሥቃይ ሲያስከትል እንደ ኖረ ቢነገረው፣ በመጀመሪያ የሚከሰው ተናጋሪውን ነው። ይሁንና ከሰባት ዓመት በኋላ በ1959 በፕላት ስም የሚታወቀው የእንግሊዝ መንግሥት ሪፖርት ወላጆች ያለ ገደብ እንዲጎበኙ፣ የትንንሽ ሕፃናት እናቶችም አብረው እንዲያድሩ አሳሰበ። ጄምስ ስፔንስ የተባለው ሐኪም በኒውካስል ከተማ እናቶችን ከሕፃናታቸው ጋር ማስተኛት የጀመረው ከዚያ በፊት በ1920ዎቹ ዓመታት ነበር። እውቀቱ ነበረ ማለት ነው፤ የጎደለው አዳማጭ ነው።

ከዚህ ላይ ሊቀርብ የሚችል መቃወሚያ አለ። ልቅሶን መልካም ዝምታን ክፉ አድርጎ ማየት ራሱ ስሕተት አይሆንም ወይ? የተኛ፣ የጠገበ፣ በጨዋታው የተመሰጠ ሕፃንም ዝም ይላል። እውነት ነው። በመሆኑም ዋናው ነገር ዝምታው ሳይሆን ከዝምታው በፊትና በኋላ ያለው ነው። የተጽናና ሕፃን ዝም ከማለቱ በፊት ሰሚ አግኝቷል፤ ሌላ ጊዜ ቢቸግረው እንደገና ይጮኻል። ተስፋ የቆረጠ ሕፃን ግን ቢቸግረውም አይጮኽም። በሃምፕስቴድ የታየው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዚያ ቤት ሕፃናቱ መጀመሪያ የሁሉም ሠራተኞች የጋራ ልጆች ነበሩ። ኋላ አራት አራት ወይም አምስት አምስት እየሆኑ ለየአንዳንዷ ሞግዚት «ቤተሰብ» ተደርገው ተደለደሉ። የመጀመሪያው ውጤት ሁከት ነበር። ከዚያ በፊት ተስማምተው ይውሉ የነበሩት ሕፃናት ይቀናኑ፣ ይደባደቡ፣ ሞግዚታቸው ከክፍሉ በወጣች ቁጥር ይጮኹ ጀመር። ንግግራቸውና የንጽሕና ልማዳቸው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከቀድሞው እጅግ ፈጥኖ አደገ። የሚያጣው ሰው ያገኘ ሕፃን ለማልቀስ ምክንያት አገኘ፤ ለመናገርም ምክንያት ያገኘው በዚያው ጊዜ ነው። ጸጥታን ብቻ የሚመዝን ተቆጣጣሪ ያን ቤት በዚያ ሳምንት ቢጎበኘው ኖሮ፣ ተበላሽቷል ብሎ በጻፈ ነበር።

የዝምታው ዳር ድንበር የታየው በሩማንያ ነው። በ1966 የቻውሼስኩ መንግሥት የሕዝቡን ቁጥር ለማብዛት ፅንስ ማስወረድን በአዋጅ ቁጥር 770 ከለከለ። ልጆች ተወለዱ፤ የሚያሳድጋቸው ግን አልተዘጋጀም። በ1989 መንግሥቱ ሲወድቅ በየማሳደጊያው ከ100,000 በላይ ልጆች ተገኙ። ወደ ሕፃናቱ ክፍሎች የገቡትን ተመራማሪዎች ካስደነገጧቸው ነገሮች አንዱ ጸጥታው ነበር። አልጋዎቹ በሕፃናት የተሞሉ ናቸው፤ የሚያለቅስ ግን የለም። ቢያለቅሱ የሚመጣ እንደሌለ ሕፃናቱ ተምረውታልና። ከ2001 ጀምሮ በቡካሬስት በተካሄደ ጥናት ከ6 እስከ 31 ወር ዕድሜ ያላቸው 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ እንዲሄዱ ተደረገ። ዕጣ ያልደረሳቸውን በማሳደጊያ ማስቀረት ትክክል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ጥናቱን ሲከተለው ኖሯል። ተመራማሪዎቹ በከተማይቱ የአሳዳጊ ቤተሰብ አገልግሎት እንዳልነበረ ማለት ይቻላልና ማንም ሕፃን የነበረውን ዕድል አላጣም፤ ሌላ ቤተሰብ የተገኘለትም ከመሄድ አልተከለከለም ሲሉ መልሰዋል። ውጤቱ በ2007 ሲገለጽ ቤተሰብ ያገኙት ሕፃናት በአእምሮ ዕድገት ከቀሩት በልጠው ተገኙ፤ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት የበለጠ አገገሙ። ጊዜ ለአዋቂ ትዕግሥት ሊሆን ይችላል፤ ለሁለት ዓመት ሕፃን ግን የዕድሜው ሙሉ ሀብት ነው።

እንግዲህ የሚቀረው አስቸጋሪው ጥያቄ ነው። ለሕፃን የሚያስፈልገው የታወቀ ሰው ከሆነ፣ በደመወዝ የሚሠራ ሰው ይህን ሊሰጥ ይችላል ወይ? ፍቅር በሥራ ውል ውስጥ ሊጻፍ አይችልም። ሃያ ሕፃናት የያዘችን ነርስ ሁሉንም እንደ ልጇ እንድትወድ ማዘዝ ከንቱ ነው፤ ብትሞክረውም ወይ ትታመማለች ወይ ታስመስላለች። ሕፃን ደግሞ ማስመሰልን ፈጥኖ ያውቃል።

የሃንጋሪዋ የሕፃናት ሐኪም ኤሚ ፒክለር ለዚህ የሰጠችው መልስ በቃል ሳይሆን በሥራ ነበር። በ1946 በቡዳፔስት ከተማ በሎትሲ መንገድ ወላጅ ለሌላቸውና ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ላልቻሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፈተች። በመጀመሪያ የቀጠረቻቸው የሠለጠኑ ነርሶች ሕፃናትን እንደ ዕቃ በፍጥነትና በቅልጥፍና ማገላበጥ ለምዶባቸው ስለ ነበር አሰናበተቻቸው፤ ለመማር ዝግጁ የሆኑ ወጣት ሴቶችን በምትካቸው አስገባች። ያስተማረቻቸው ነገር ቀላል ይመስላል። ሕፃኑን ከማንሣትሽ በፊት እንደምታነሺው ንገሪው፤ ልብሱን አሳዪው፤ እጁን እስኪዘረጋ ጠብቂ፤ የሽንት ጨርቁን ስትለውጪ ዓይንሽና አሳብሽ ከእርሱ ጋር ይሁን፤ ከፈለገው በላይ አንዲት ማንኪያ አትጨምሪበት፤ በራሱ ኃይል ያልደረሰበትን አቀማመጥ አታስቀምጪው፤ ራሱ ይቀመጥ፣ ራሱ ይቁም። አንድን ሕፃን የሚንከባከቡት ሰዎች ጥቂቶችና የማይለዋወጡ እንዲሆኑ ተደረገ።

የዚህ አሠራር ፍሬ ነገር የሥነ ምግባር ፍልስፍና ነው። ፒክለር ከሠራተኞቿ የጠየቀችው የእናትን ፍቅር አልነበረም፤ አክብሮትን ነው። ፍቅር በትእዛዝ አይመጣም፤ አክብሮት ግን ልምምድ ነው፤ ሊማሩት፣ ሊቆጣጠሩት፣ ሊጠይቁበትም ይቻላል። የሚታጠበውን ሕፃን «አሁን ክንድህን አጥባለሁ» ብሎ መንገር መልስ ከመጠበቅ የተነሣ አይደለም መባል የለበትም፤ ሕፃኑ በእርግጥ ይመልሳል፤ ክንዱን ይዘረጋል። ያን ጊዜ የሚሠራበት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ በራሱ ጉዳይ ተካፋይ የሆነ ሰው ይሆናል። ሲታጠብ፣ ሲመገብና ሲለብስ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው ይህ ግንኙነት ለሕፃኑ የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ትምህርት ቤት ነው። ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ እንደማይገላበጥ የተማረ ሕፃን የሌላውን ሰው ገላ ማክበርን የሚማርበት መሠረት አገኘ ማለት ነው። ማሳደጊያው ሕፃናትን እያሳደረ ማሳደጉን እስካቆመበት እስከ 2011 ድረስ በዚሁ መንገድ ሠርቷል።

ነገር ግን አክብሮትን ከሠራተኛዋ መጠየቅ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ስለ ሥራ ክፍፍል እውነት ይናገራል። ተሸካሚዎቹን በተመለከተ እውነት ነው። ሎሚው ግን ሕፃን የሆነ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። በአንድ ክፍል አንዷ ሙቀት ትለካለች፤ ሁለተኛዋ ታጥባለች፤ ሦስተኛዋ ታበላለች፤ ማታ ሌሎች ይተካሉ፤ በወሩ ደግሞ ሁሉም ይዛወራሉ። ለሠራተኞቹ ሥራው ቀለለ። ሕፃኑ ግን ሃምሳ እጅ ነካው እንጂ አንድም ሰው አልያዘውም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በደከመች ነርስ ላይ መጣል አይገባም። ለብዙ ሕፃናት አንዲት ሠራተኛ የሚመድብ፣ ሠራተኛዋን በየወሩ የሚያዛውር፣ የክፍሉን ጸጥታ እንደ ሥራ ፍሬ የሚቆጥር አሠራር የነርሷን ደግነት ያመክነዋል። ኅሊና የግል ሀብት ቢሆንም ለሥራ የሚያበቃው ሁኔታ የኅብረተሰብ ኃላፊነት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ የራሱ መልክ አለው። የአገሪቱ ሆስፒታል ከቤተሰብ የመጣ አስታማሚን ያውቃል፤ እናት ወይም አያት ከታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ ታድራለች። ይህ ልማድ በከፊል ከችግር የመጣ፣ የነርሶችን እጥረት የሚሞላ ነው። ሆኖም ሌሎች ከብዙ ክርክርና ጥናት በኋላ የደረሱበትን ነገር በውስጡ ይዟል። አንቀልባውና እሹሩሩውም እንዲሁ ናቸው፤ ሕፃኑ ከሚያውቀው ጀርባ ሳይወርድ የዓለምን ሥራ እያየ ያድጋል። ንጽሕናና ሥርዓት እናስገባ ሲባል አስታማሚን እንደ ጣልቃ ገብ ቆጥሮ በር መዝጋት፣ ሌሎች የተጸጸቱበትን ስሕተት ዘግይቶ መድገም ይሆናል።

ልማዱ የማይደርስበትም ብዙ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በየቀበሌው የተስፋፉት መዋዕለ ሕፃናት በአመዛኙ አራት ዓመት የሞላቸውን ልጆች የሚቀበሉ ነበሩ፤ ከዚያ በታች ያለው ሕፃን በቤት ቀረ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ ማቆያ የሌለው ሥራ ቦታ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በከተማ የሠራተኛ እናት ልጅ በሞግዚት እጅ ያድጋል። ሞግዚቷ ብዙ ጊዜ ራሷ ገና ልጅ ናት፤ ከገጠር ከእናቷ ተለይታ የመጣች፣ ልቅሶዋን ውጣ የሰው ልጅ የምታባብል። አንድ ቀን በደመወዝ አልስማማ ብላ ወይም ተቆጥተዋት ትሄዳለች፤ በማግሥቱ ሌላ ትመጣለች። አዋቂዎቹ ሠራተኛ ለወጡ፤ ሕፃኑ ግን ሰው ሞተበት። ማንም አይነግረውም፤ ማንም አያስተዛዝነውም። ጥቂት ቀን ተነጫንጮ ዝም ሲል «ለመዳት» ይባላል። ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የምትሄደው እናት ደግሞ የሌላውን ሕፃን አቅፋ ስታስተኛ፣ የራሷ ሕፃን በአያቱ ቤት በር በተከፈተ ቁጥር ይመለከታል። ከድህነት የመነጨውን ይህን ሁሉ በምክር ብቻ ማስቀረት አይቻልም። ሆኖም የምትሄደዋን ሞግዚት ሕፃኑን ተሰናብታ እንድትሄድ ማድረግ፣ አዲሷን ከአሮጌዋ ጋር ጥቂት ቀን አብራ እንድትውል ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ ሞግዚቷን ራሷን እንደ ሰው መያዝ ገንዘብ አይጠይቅም። ያልተከበረች ሞግዚት አክብሮትን ከየት አምጥታ ትሰጣለች?

ሌላም ዝምታ አለ፤ የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓ.ም. ረኃብ ያየ ትውልድ ያውቀዋል። በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን አያለቅስም፤ አይጫወትም፤ ዝንብ ፊቱ ላይ ቢያርፍ እንኳ ለማባረር አይደክምም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነት ሕፃናት ሆስፒታል ሕክምና ካወጣቸው ዐሥር እርምጃዎች መካከል ዘጠነኛው መድኃኒትም ምግብም አይደለም፤ ከሕፃኑ ጋር መጫወት፣ ማነጋገርና ፍቅር ማሳየት ነው። ይህ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። በጃማይካ ኪንግስተን በዕድገታቸው የቀነጨሩ 129 ሕፃናት በተጠኑበት ሥራ፣ ለአንዳንዶቹ አንዲት የጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት እየሄደች እናትና ልጅን በቤት በተሠሩ መጫወቻዎች ለሁለት ዓመት ስታጫውት ቆየች። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ሕፃናት አድገው ገቢያቸው ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ መገኘቱ በ2014 ተገልጿል። የጨዋታ ሰዓት ለሕፃን ትርፍ ነገር ሳይሆን እንደ እህሉ ሁሉ ሲሳዩ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የሥነ ምግባር መመዘኛ ረጅም አይደለም። ራሱን ለማይከላከል ሰው የተደረገ ሥራ በጎነቱ የሚለካው በሠሪው ዕረፍት ወይም በክፍሉ ጸጥታ ሳይሆን፣ ያ ሰው ቢከፋው አቤት ለማለት ድፍረት የቀረለት በመሆኑ ነው። ነርሷ፣ ሞግዚቷ፣ የማቆያው ኃላፊ ምሽት ላይ ሊጠይቁት የሚገባቸው «ዛሬ ስንት ሕፃን አለቀሰ?» ብቻ አይደለም። «ሲከፋው ወደ አንድ ሰው የሮጠ ስንት ነው? ማንንም ሳይፈልግ የዋለውስ ማን ነው?» ብለው መጠየቅ አለባቸው። ይህ ጥያቄ መምህሩንም ይመለከታል፤ በክፍሉ ጥግ ለዓመታት ዝም ብሎ የተቀመጠውን ተማሪ ጨዋ ብሎ ከማለፉ በፊት ዝምታው ከየት እንደ ጀመረ ሊያስብ ይገባል።

ዝም አይነቅዝም የተባለው ለአዋቂ ነው፤ አዋቂ የሚናገረውን መርጦ ዝም ይላል። የሕፃን ዝምታ ግን ሊነቅዝ ይችላል። የነቀዘ እህል በጎተራ ውስጥ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ መንቀዙ የሚታወቀው በእጅ ዘግነው ሲያነሡት፣ ክብደት ሲያጣ ነው። ሕፃኑም በሩቅ በማየት አይታወቅም። ማንሣት፣ ማቀፍ፣ ፊቱን ማየትና መልሱን መጠበቅ ያስፈልጋል።